የሃምሳ ደቂቃው መንገድ

አባቴን አስጎብኚ ሆኖ የሚሠራበት ሎጅ ሰው ሁሉ «ደረስን» እያለ ነው የሚጠራው። ተራራ የሚያስወጣው እንግዳ ትንፋሽ ሲያጥረው፣ ገና ግማሹን እንኳ ሳይሄዱ «ደረስን፣ ደረስን» ይላል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ እየዋሸ ሰው አድርሷል።

ችግሩን ያመጣው ራሱ ነው። ሎጁ ሲከፈት እስከ ተራራው ጫፍ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ለክተህ ና ተባለ። ያኔ ጉልበት ነበረው፤ ብቻውን እንደ ፍየል ወጣና «ሃምሳ» አለ። በመንገዱ የሚሄዱት እንግዶች መሆናቸው እሱንም የላኩትንም ሰዎች ትዝ አላላቸውም። ሃምሳ ተብሎ ሰሌዳ ላይ ተጻፈ። እኔ እንግዳ መቀበያው ላይ ነው የምሠራው፤ ሁለት ሰዓት ያልፈጀበት እንግዳ አይቼ አላውቅም፣ ስሞታውን የምሰማውም እኔ ነኝ።

ዘንድሮ የመጣው ሥራ አስኪያጅ ስሞታውን ሁሉ ሰብስቦ አነበበና ጥፋቱ የአስጎብኚዎቹ ነው አለ። እያንዳንዱ አስጎብኚ ይፈተናል፤ በሃምሳ ደቂቃ ጫፍ ያልደረሰ ውሉ አይታደስለትም። ስለ ሰሌዳው ላስረዳው ብሞክር «የተጻፈ የተጻፈ ነው፣ እህቴ» አለኝ። ከዚህ ሰው ጋር መከራከር ትርፉ ድካም ነው።

አባዬ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ሌላ ሥራ አያውቅም፤ ቤት መዋልም አይሆንለትም። እረፍት በወጣ በሁለተኛው ቀን እናቴ «ኧረ ይሄን ሰውዬ ውሰዱልኝ» ማለት ትጀምራለች። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ብቻውን መለማመድ ያዘ። መጀመሪያ ስልሳ ሦስት፣ ቀጥሎ ሃምሳ ስድስት። በወሩ አርባ ዘጠኝ ገባ። ያን ቀን ጉልበቱን በሙቅ ውሃ እያሸሁለት በደስታ አለቀስኩ።

የፈተናው ቀን ሥራ አስኪያጁ ሰው ስለማያምን ሰዓቱን ራሱ ይዞ አብሮ ወጣ፤ በአዲስ ጫማ። እኔ በረንዳው ላይ ለእንግዶች በተተከለው የርቀት መነጽር እከታተላለሁ። ሲሶውን እንደሄዱ ሰውየው ድንጋይ ላይ ዘጭ አለ። አባዬ ሃያ እርምጃ ያህል ቀድሞት ነበር። ቆመ። ወደ ላይ አየ፤ ወደ ታች አየ።

«ሂድ! ሂድ እንጂ!» ብዬ ጮህኩ። አጠገቤ የነበረ እንግዳ እሱን ያልኩት መስሎት ሄደ።

አባዬ ግን ተመልሶ ወረደ። የሰውየውን ቦርሳ ተሸከመለት፣ ውሃ አጠጣው፣ ክንዱን ያዘው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፤ ምን እንደሚል አላጣሁትም። ጫፍ ሲደርሱ ሁለት ሰዓት ከአራት ደቂቃ ሆኗቸዋል።

ሲመለሱ ንዴቴን መቆጣጠር አቃተኝ። «አባዬ፣ ለምን ጥለኸው አልሄድክም?»

«ራሱን አዞረው እኮ። ብቻውን ትቼው?» አለ። ጥያቄዬ የምሩን አልገባውም።

ሥራ አስኪያጁ እግሩን ጨው ውሃ ውስጥ ነክሮ ቅጹን ሞላ። «ሁለት ሰዓት ከአራት ደቂቃ። አላለፉም።» «የዘገዩበት ምክንያት» የሚለውን ባዶ ትቶ፣ «እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ፣ አባት» ብሎ አቀበለው።

አባዬ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበ። ከመፈረሙ በፊት ባዶው ቦታ ላይ ቀስ ብሎ ጻፈ፦ «እንግዳ ይዤ ነበር።»

ሥራ አስኪያጁ ሁለቴ አነበበው። ከዚያ «አላለፉም» የሚለውን ሰርዞ «አልፈዋል» ብሎ ጻፈ፤ ማህተሙን መታበትና ቀና ብሎ ሳያየኝ ለእኔ ሰጠኝ።