ቆጮ የቀመሰው መኪና

ጣልያን ከመምጣቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በሶዶ ከተማ የመኪና ድምፅ ሲሰማ ሰው ሥራውን ትቶ ወደ መንገድ ይወጣ ነበር። ባለቤቴ የአንድ ሹም ሾፌር ነበር። የምንኖርባትም ቤት ከሥራው ጋር የተሰጠችን ነበረች። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ስድስተኛ ወር ይዤ ነበር።

ሹሙ እንግዳ በመጣ ቁጥር ኮፈኑን አስከፍተው ሞተሩን ማሳየት ይወዱ ነበር። ከሁሉ የሚኮሩት ሞተሩ አናት ላይ ባለው ክዳን ነው። አሉሚኒየም መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው፤ ያኔ ነጭ ብረት ነበር የምንለው። ዝናብና አቧራ እያደበዘዘው ሄደ። አንድ ዓርብ ባለቤቴ ብሎኖቹን ፈትቶ ክዳኑን ወደ ቤት አመጣው።

«እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንግዶች አሉ» አለኝ። «እንደ መስተዋት ካልሆነ ከአዲስ አበባ ሌላ ሾፌር አስመጣለሁ ብለውኛል።»

እሱ ጎማ ሊለጥፍ ሲወጣ ላግዘው ብዬ እርጥብ አመድ አነሣሁ። የእጅ ማስታጠቢያ የነሐስ ኩስኩስቴን የማጸዳው በአመድ ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ ያደንቅልኛል። ክዳኑን አመድ ቀባሁትና ለጥቂት ጊዜ ተውሁት። ሳጥበው እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። ባሸሁት ቁጥር ባሰበት።

ባለቤቴ ተመልሶ አየው። አልተቆጣም። በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ፣ «እንግዲህ የት ነው የምትወልጂው?» አለ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከአጥራችን ወዲያ አንዲት የወላይታ ባልቴት ይኖሩ ነበር። ለቅሶዬን ሰምተው ብቅ አሉ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም እናቴ። የጌቶች ብረት ጠቁሮብኝ ነው።»

«ለብረት ደግሞ ይለቀሳል እንዴ?»

ክዳኑን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ክንዳቸውን ዘርግተው የነሐስ አምባራቸውን አሳዩኝ። «እዪው ልጄ። ቆጮ የጨመቅሁ ቀን ያበራል። ሌላ ቀን አያበራም።»

ከጉድጓድ ካወጡት ቆጮ የተጨመቀውን ኮምጣጣ ውኃ በቅል ይዘውልን መጡ።

«ብረቱን ቢጎዳውስ?» አለ ባለቤቴ።

«እኔ ስበላው ኖሬ አለሁ። እሱ ከእኔ ይበልጣል?»

ጨርቅ እየነከርን አሸነው። ጥቁሩ ቀስ በቀስ ለቀቀ። በንጹሕ ውኃ አለቅልቀን ፀሐይ ላይ አደረቅነው። ቅዳሜ ባለቤቴ የላመ ነጭ አፈር በጨርቅ ነፋ፤ በዘይት ለውሶም በሱፍ ቁራጭ ሲወለውለው ዋለ። ወደ ማታ ፊቱ ይታይበት ጀመር።

«አሁን የእጅ ላብና እርጥበት እንዳይነካው አንድ ነገር መቀባት አለበት» አለ።

በሰላም እንድገላገል ለእመቤታችን የተሳልሁት ሰም ነበረኝ፤ ለጧፍ ያስቀመጥሁት። ግማሹን ቆርጬ ሰጠሁት። እሷም እናት ናት፣ ታውቃለች አልሁ። ሰሙን አሙቆ በስሱ ቀባው፤ ሲደርቅም በሱፉ መልሶ አሸው።

እሑድ እንግዶቹ መኪናውን ከበቡ። እኔ አጥሩ ሥር ቆሜአለሁ። ሞተሩ ሲሞቅ ሹሙ አፍንጫቸውን ወደ ኮፈኑ አስጠጉ።

«ይህ ሞተር ምነው ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ይሸታል?»

ባለቤቴ መዋሸት አይችልበትም። አመዱንም፣ ቆጮውንም፣ ሰሙንም ነገራቸው። ሹሙ ጎንበስ አሉና ክዳኑ ላይ ጢማቸውን ተመለከቱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ልጅ፣ አመዱን ለኩስኩስትሽ ተዪው።»

ሌላ ሾፌር አልመጣም። ልጄን የወለድሁት በዚያችው ቤት ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ለባልቴቷ አንድ አሞሌ ጨው ይዤ ብሄድ አልቀበልም አሉ። «ይልቅ ያ መኪና ቆጮዬን ቀምሶ ሰላም ሳይለኝ እንዳያልፍ» ብለው ሳቁ።

ባለቤቴ ቀልዱን የምር ያዘው። ሹሙን ይዞ ወደ በዴሳ ሲወርድ እንኳ አጥራቸው ሥር ሲደርስ ጥሩምባውን አንድ ጊዜ ይነፋል። ሹሙ መጀመሪያ ምክንያቱን ጠየቁ፤ ኋላ እሱ ሲረሳ የሚያስታውሱት እሳቸው ሆኑ። ባልቴቷም ከእንሰቱ መሐል እጃቸውን ያነሣሉ። እኔ ልጄን ታቅፌ ከደጃፌ አያለሁ። ቆጮ የጨመቁ ቀን ከሆነ አምባራቸው እስከ እኔ ድረስ ያበራ ነበር።