ፊቴን ግድግዳ ላይ ያገኘሁት ቅዳሜ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት... ዳላስ አጠገብ ካለችው ከሳክሲ አንዲት ልጅ ፒክ ላደርግ ሄድኩ። ሳምንቱን ኤርፖርት ሻንጣ ስጭን ነው የምውለው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በሚኒቫኔ ሰው አመላልሳለሁ።

ልጅቷ እሷን የሚያክል፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አቅፋ በር ላይ ቆማለች። «ሥዕል ነው፣ ቀስ በልልኝ» አለችኝ። ማያ ትባላለች። ጥቁር አሜሪካዊት ናት፣ ጀማሪ ሠዓሊ። የመጀመሪያዋን የግል ኤግዚቢሽን የምትከፍተው በዚያው ቀን ነው፤ ይቺን የመጨረሻዋን ሥዕል ግን እስከ ጠዋት ስትነካካት ቆይታ ረፍዶባታል።

መንገድ ጀመርን። በመስታወት ታየኛለች። ዓይኗን ትሰብራለች... ደግሞ ታየኛለች። ፊቴ ላይ የሆነ ነገር ያለ መስሎኝ በእጄ ጠረግኩት።

«ከየት ነህ?» አለችኝ።

«ከኢትዮጵያ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

አሜሪካ ስኖር ብዙ ነገር ተጠይቄያለሁ... «እርግጠኛ ነህ?» ግን ተብዬ አላውቅም።

ዳላስ ደረስን። ጋለሪው ድሮ ጎማ ቤት የነበረ ሰፊ አዳራሽ ነው። ሥዕሉ ለአንድ ሰው ስለሚከብድ ፓርክ አድርጌ አብሬያት ተሸክሜ አስገባሁት። ብርድ ልብሱን ስትገልጠው... እኔ ነኝ።

ማለቴ፣ ራሴ! ግንባሬ፣ ያ ወደ ግራ የጠመመው ቅንድቤ፣ ጆሮዬ ሳይቀር። ልዩነታችን እሱ ቡኒ ኮፍያ ማድረጉ ብቻ ነው።

«አጎቴ ሬይመንድ ነው» አለች ማያ። «እኔ ሳልወለድ ከቤት እንደወጣ ቀረ። ያለን አንድ የወጣትነት ፎቶው ነው። ዛሬ ቢኖር ምን ይመስል ነበር ብዬ አስረጅቼ ነው የሣልኩት።»

ግድግዳው ሁሉ የቤተሰቧ ፊት ነው። ቅድመ አያቶቿ በባርነት ሲመጡ አገራቸው የት እንደሆነ የሚናገር ወረቀት አልተረፈላቸውም። «ሶ፣ መታወቂያችን ፊታችን ነው» አለችኝ። ፊቴን ይዤ ከዚያ ቤት መውጣት እንዳለብኝ የገባኝ ያኔ ነው። ግን ዘመድ አዝማድ ከኋላችን ገብቶ ኖሯል።

አንድ ወፍራም ሰውዬ ሥዕሉን አየ። እኔን አየ። እንደገና ሥዕሉን አየ። ከዚያ መጥቶ አቅፎ ከመሬት አነሳኝ። የሬይመንድ የአጎት ልጅ ነው።

«ሬይ! የተዋስከኝ የሣር ማጨጃዬስ?»

«ተሳስተሃል ወንድሜ፣ እኔ ኢትዮጵያዊ ነኝ።»

«ታዲያ እዚያ ነዋ የተደበቅከው!»

ሰው ከበበኝ። አንዷ እንግዳ የኤግዚቢሽኑ አካል መስዬአት በስልኳ እየቀረጸችኝ «ፕሊስ፣ ትንሽ ወደ ግራ» ትለኛለች። ወደ ግራ ሄድኩላት። ምን ላድርግ?

እንደምንም ሾልኬ ልወጣ ስል አንድ እጅ ያዘኝ። ዊልቸር ላይ የተቀመጡ አሮጊት ናቸው፤ የማያ አያት፣ የሬይመንድ እናት። ዘጠና ሊሞላቸው ትንሽ ነው የቀራቸው፣ አያያዛቸው ግን የፖሊስ ነው።

«ተቀመጥ» አሉኝ። ተቀመጥኩ።

ማያ በጆሮዬ «አንዳንዴ ይምታታባቸዋል... ፕሊስ፣ ዝም ብለህ እሺ በላቸው» አለችኝ።

«ይሄን አነጋገር ከየት አመጣኸው?» አሉ አክሰንቴን ሰምተው።

«ሩቅ አገር ነበርኩ፣ እማማ።» ውሸት እኮ አይደለም።

«አባትህ ሲቀበር የት ነበርክ?»

እዚህ ጋ... ሳቄ ጠፋ።

የእኔ አባት ደሴ ሲቀበር እኔ እዚሁ አሜሪካ፣ ካሮልተን ነበርኩ። የመኖሪያ ወረቀቴ አላለቀም ነበር፤ ከወጣሁ መመለስ የለም። ቀብሩን በቪዲዮ ኮል ነው ያየሁት፣ ያውም ኔትወርኩ እየተቆራረጠ። እናቴ አንድም ቀን «የት ነበርክ?» ብላኝ አታውቅም። ብትለኝ ምን እመልስላታለሁ እያልኩ ግን ስንት ጊዜ መኪና ውስጥ ብቻዬን አውርቻለሁ።

«መምጣት ነበረብኝ» አልኳቸው። «አልመጣሁም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማማ።»

ድምፄ እንደዚያ ይሰበራል ብዬ አልጠበቅኩም። የሣር ማጨጃው ሰውዬ አቀረቀረ። ያቺ የምትቀርጸኝ ሴት እንኳን ስልኳን አወረደች።

አሮጊቷ አገጬን ይዘው ቀና አደረጉኝ። ከዚያ ጠጋ አሉኝ። ዓይናቸው ጥርት ብሏል፣ የተምታታበት ሰው ዓይን አይደለም።

«ሬይመንድ በዕድሜው አንድ ቀን ይቅርታ ብሎ አያውቅም» አሉኝ በሹክሹክታ። «አንተ እሱ አይደለህም።»

ደነገጥኩ። ልነሳ ስል እጄን አልለቅም አሉ።

«የት ትሄዳለህ?... እስቲ ይቅርታውን እንደገና በለው።»

አልኩት። ሦስቴ አስባሉኝ። በሦስተኛው ግንባሬን ሳሙኝና ዞር ብለው ማያን «ለዚህ ሰውዬ ኬክ ቁረጪለት» አሏት።

ቤት ስገባ ባለቤቴ «የት ጠፍተህ ነው?» አለችኝ። «ቤተሰብ ጋ ነበርኩ» አልኳት... «የማን ቤተሰብ?» እያለች ይኸው እስከ ዛሬ ትመረምረኛለች።