በአሻ የቀናሁበት ክረምት

መሬት ላይ ወድቆ ፀሐይ የመታው ማንጎ ሽታ አሶሳ ገበያ ዳር ድንገት ሲያገኘኝ፣ ዛሬም እግሬ ቆም ይልና የድሮ ቅናቴ ይመለስብኛል።

አባቴ ከወሎ በሰፈራ የመጣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር። በማንጎ ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት የመንደሩን ልጆች ጓሯችን ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ሰብስቦ «ቢካም» የሚለውን ግስ ያስተምረን ነበር። «ያልነበሩትን ሆኖ መገኘት ማለት ነው» ይልና፣ በሳምንቱ ውስጥ ስትለወጥ በዓይናችን ያየናትን አንዲት ነገር በዚያ ግስ እንድንናገር ያዘናል፤ ከመጽሐፍ መቅዳት ክልክል ነው። የተዋጣለት ልጅ ሰኞ ሰኞ ከአባቴ ብስክሌት ኋላ ተቀምጦ ትምህርት ቤት ይሄዳል። አሻ እስክትመጣ ድረስ ያ ቦታ የእኔ ነበር።

አሻ ከወንዙ ማዶ ካለው የበርታ መንደር የምትመጣ እኩያዬ ነበረች፤ አማርኛዋ ቢሰባበርም ዓይኗ ምንም አያመልጠውም። ተቃጥሎ የጠቆረው ሜዳ ከአንድ ዝናብ በኋላ አረንጓዴ መሆኑን የተናገረች ቀን አባቴ አጨብጭቦ «እሰይ፣ የኔ ልጅ!» አላት። ሴት ልጁ እኔ አይደለሁም እንዴ? ያን ቀን ራት አልበላም ብዬ ተኛሁ።

ትምህርት ቤት ገና ሳይዘጋ ክረምት ገብቶ የቅዳሜው ትምህርት ወደ በረንዳችን ከዞረ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ አብረን ስንመጣ አሻ የዕለቱን ዓረፍተ ነገሯን ሳትሰስት ነገረችኝ። «ቀርከሃ ገና ሲበቅል፣ ከቆረጥነው ምሳ ትሆናለች፣ ከተውነው ቤት ይሆናል።» እኔም ቀድሜያት ሮጬ፣ እሷ ሳትደርስ በእንግሊዝኛ አሳምሬ ለአባቴ አልኩለት።

አባቴም፣ አሻ በረንዳው ላይ ስትወጣ «እኛ ቤት የቀርከሃ ቡቃያ መቼ ተበላ?» አለኝ። እናቴ እንኳን ልትቀቅለው፣ መበላቱንም አታምንም። አፌን ከመክፈቴ በፊት አሻ ወደ አባቴ ዞራ «ኡስታዝ፣ እኛ ቤት በላ። እናቴ ሰጠችው» አለች፤ አማርኛዋ ወንድና ሴት ባይለይም እኔን ማለቷ ነበር። ደጃቸውን ረግጬ አላውቅም።

አባቴ ግን አልተታለለም፤ ሰኞ ብስክሌቱ ላይ የተቀመጠችው አሻ ነበረች፤ እኔ ጭቃውን እያቦካሁ ከኋላ ስከተል፣ ስላዳነችኝ ጠላኋት። በጋው ገብቶም ሰላምታዋን በግማሽ አፌ ነበር የምመልሰው።

ዛሬ አሻ ጾሬ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። አባቴ አርጅቶ እኔ ዘንድ ይኖራል፤ አጥበዋለሁ፣ አጎርሰዋለሁ፣ በባጃጅ ሐኪም ቤት አመላልሰዋለሁ፣ እሱ ግን አንዳንዴ በሟች እናቴ ስም ይጠራኛል። እሑድ እሑድ አሻ ስትመጣ ገና ድምፅዋን ከውጭ ሲሰማ «አሻ፣ መጣሽ ልጄ?» ይላታል፣ ስሟን ተሳስቶ አያውቅም። ያኔ የቀናሁት በሳምንት አንድ ሰዓቱን ስለወሰደችብኝ ነበር፤ አሁን የአባቴ ሰዓት ሁሉ የእኔ ሆኖ፣ እሱ የሚጠብቀው ያችኑ አንዷን የእሑድ ሰዓት ነው። እየቀናሁም ቢሆን በሩን የምከፍትላት እኔው ነኝ።