ፋርካር እና ሾተሉ ዋላ

የኮሪቫን ርስት ዋና አዳኝ ፋርካር በሰው ቃል ቶሎ የሚያምን ሰው አልነበረም። ደግ ቃል ሲነገረው ከቃሉ በስተጀርባ ያለውን ይፈትሻል፤ ስጦታ ሲሰጠው በምትኩ ምን እንደሚፈለግበት ይጠይቃል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንግዶችን እየመራ ተራራ ሲወጣ ነፋስን እንኳ አምኖት አያውቅም፤ በየመቶ እርምጃው የደረቀ ሣር ብናኝ እየበተነ አቅጣጫውን ይመረምረው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በስልሳ ሦስት ዓመቱ የገዛ ዓይኑ ሲከዳው ምን ያህል እንደ መረረው መገመት አያዳግትም።

የዓይን ሞራ ቀኝ ዓይኑን የያዘው ካቻምና ነበር፤ ዘንድሮ ግራውንም ተከተለው። የፈረስ ጆሮ፣ የሰው ፊት፣ የሚረግጠውን ድንጋይ ይለያል፤ ከመቶ እርምጃ ያለፈው ሁሉ ግን ወተት ውስጥ የተነከረ ይመስለዋል። ይህን የሚያውቁት እርሱና ሚስቱ ሞራግ ብቻ ነበሩ። ሌላ ሰው እንዲያውቅም አይፈልጉም፤ የሚኖሩበት ቤት የአዳኙ ቤት ነውና። ዋላውን በሩቁ ለይቶ ማሳየት ያልቻለ አዳኝ ሥራውን ይለቃል፤ ሥራውን የለቀቀም የቤቱን ቁልፍ ያስረክባል። ልጅ አልወለዱም፤ የሚጠጉበት ሌላ ጎጆም አልነበራቸውም።

ስለዚህ ዘዴ አበጁ። ሞራግ ጎሕ ሲቀድ የባሏን ካፖርት በሌሊት ልብሷ ላይ ደርባ፣ ረጅሙን የሩቅ ማያ መነጽር ይዛ ወደ ጓሮ ትወጣለች። ተራራውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ካየች በኋላ ተመልሳ፣ ገንፎው ፊት ተቀምጦ ለሚጠብቃት ባሏ ያየችውን ትነግረዋለች። እርሱም እንደ መዝሙረ ዳዊት በቃሉ ይይዘዋል።

የወንዴ ዋላ አደን በሚዘጋበት በዚያ የጥቅምት ቅዳሜም እንዲሁ ሆነ።

«ከፏፏቴው በታች ሰባት እንስቶች አሉ» አለች ሞራግ፣ የመነጽሩን የቆዳ ክዳን ለካፊያው ብላ ጠበቅ አድርጋ እየገጠመች። «ሾተሉ አብሯቸው ነው። ከፍ ብሎ ድንጋያማው ላይ ደግሞ ያ ለዘር የተተወው ባለ ዘጠኝ ቅርንጫፍ ወንድ ቆሟል። እሱን እንዳታስመታው አደራ!»

«መቼ አስመትቼ አውቃለሁ?»

«ዓይንህ ደኅና እያለማ መቼ…» አለችና ቃሏን ዋጠችው። «ብላ፤ ገንፎው በረደ።»

ሾተል ያሉት ቀንዱ ቅርንጫፍ የሌለው፣ ሁለት የተመዘዙ ጎራዴዎች የተሸከመ የሚመስል ያረጀ ዋላ ነው። ሌሎቹ ሲዋጉ ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ ይያያዝና ተገፋፍተው ይለያያሉ። የእርሱን ቀንድ ግን የሚያግደው ነገር የለም፤ እስከ ጎድን ይገባል። በዚያ ሳምንት ብቻ ሁለት መልካም ወንድ ዋላዎችን ገድሏል። አደኑ ሳይዘጋ እንዲወድቅ ታዝዞ ነበር፤ የቀረችውም ያቺ አንዲት ቀን ናት።

በዚህ ላይ የርስቱ ባለቤት እመቤት ሊሊያስ ራሷ ወደ ተራራ እንደምትወጣ ዓርብ ማምሻውን መልእክት ልካለች። ባሏ ከሞተ አራት ዓመት ሆኗት፣ በእነዚያ ዓመታት ጠመንጃ ነክታ አታውቅም።

«ለምን ዛሬ?» አለ ፋርካር፣ የጫማውን ማሰሪያ እየሳበ። «ልትፈትነኝ ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ፀሐይም የምትወጣው አንተን ልትፈትን ይመስልሃል» አለች ሞራግ።

ተራራ የሚወጣ ተኳሽ አስቀድሞ ከአደኑ ቤት ጀርባ በቆመው የብረት ዋላ ላይ አንድ ጥይት መሞከር አለበት። ሊሊያስ ተኝታ ተኮሰች። ጥይቱ የት እንዳረፈ የሚናገረው አዳኙ ነው። ፋርካር መነጽሩን ሳያነሣ የብረቱን ድምፅ አዳመጠ። እግሩ ሲመታ ቀጭን ነው፤ ደረቱ ሲመታ እንደ ደወል ይወፍራል።

«ከትከሻው ኋላ፤ ደረቱ ላይ ነው» አለ።

«ልክ ነህ፣ ጋሽ ፋርካር» አለች እርሷ። በልጅነቷ ፈረስ ላይ የሚያወጣት፣ በአስታው ቁጥቋጦ ውስጥ በሆዷ መሳብን ያስተማራት እርሱ ስለሆነ ጋሼ ማለቱን በጎልማሳነቷም አልተወችውም።

የጭነት ባዝራዋን የሚስበው ሩሪ ከኋላ ሆኖ ፈገግ አለ። «ፋርካር፣ ዛሬም ‹የወደዱትን ዋላ ይምረጡ› ልትል ነው? ድሮ እንግዳ ራሱ ሊመርጥ ጣቱን ቢቀስር እጁን ትመታው ነበር እኮ።»

«አንተ ባዝራህን ምራ።»

«ባዝራዋማ እኔን ነው የምትመራኝ።»

ፋርካር አልሳቀም። ሩሪ አንድ ነገር እንዳሸተተ ጠረጠረ፤ ጥርጣሬውንም ከጠመንጃው ጋር ተሸክሞ መንገድ ጀመረ። ጠመንጃውን እስከ ተኩሱ ድረስ የሚሸከመው አዳኙ ነው፤ የሚከተለው ተኳሽ አይጠይቅም፣ አዳኙ ሲተኛ ይተኛል፣ ሲሳብ ይሳባል። ሩሪና ባዝራዋ ሸለቆው ውስጥ ቀሩ። ፋርካርና ሊሊያስ ከጉም በታች ሁለት ሰዓት ያህል ሽቅብ ወጡ።

ከጉብታው ጫፍ ሲደርሱ ፋርካር በጀርባው ጋደም ብሎ፣ መነጽሩን በጉልበቱና በበትሩ ላይ አስደግፎ ዓይኑ ላይ አደረገው። ከዚያም ዓይኖቹን ጨፈነ። የአደኑን ወራት ሁሉ ልማዱ ይህ ነበር፤ መነጽሩ ለተመልካች ነው፣ ሥራው የጆሮ ነው። ነፋሱ ከፊት ለፊት ስለሚመጣ ድምፁን ሁሉ እስከ እርሱ ያደርሰዋል። ከላይ ከድንጋያማው አንድ ዋላ አገሳ፤ እንደ በሬ ሙሉ ድምፅ ነው። ጥቂት ቆይቶ ሌላው ከታች መለሰ፤ ዝቅ ብሎ ጀመረ፣ መካከል ላይ ተሰበረ፣ በስተመጨረሻ ሦስት ጊዜ ሳለ። እንደዚያ የሚስለው ሾተሉ ብቻ ነው።

«አየሁት» አለ ፋርካር በሹክሹክታ። «ከፏፏቴው በታች።»

ሊሊያስ ዓይኗን ከመነጽሩ ወደ ፊቱ መለሰችና «ምራኝ» አለች።

በጅረቱ ውስጥ በሆዳቸው ተሳቡ። ውሃው በሊሊያስ አንገት ገብቶ በእግሯ ወጣ። ፋርካር በየጥቂቱ ቆም እያለ ያዳምጣል፤ የዋላው ሳል ወደ ግራ ሲያደላ ወደ ግራ ይሳባል። በመጨረሻ አንድ የሣር ጉብታ ሥር መሳቡን አቆመና ጠመንጃውን ከልባሱ አውጥቶ አቀበላት። መቶ እርምጃ ያህል ቀርቷቸዋል።

«የጀርባውን ጠርዝ ብቻ ነው የማየው» አለች። «ተኝቷል፤ ቀንዱ ከአስታው ኋላ ነው። እሱ መሆኑን እርግጠኛ ነህ? ባለ ዘጠኙ ወርዶ ቢሆንስ?»

ፋርካር ወደ ፊቱ ተመለከተ። ተራራው ሁሉ ነጭ ጭጋግ ይመስለው ነበር። ቤቱ፣ ሞራግ፣ ጓሮዋ፣ ሠላሳ አንድ ዓመቱ በዚያች ሳል ላይ ተንጠልጥለዋል።

«እርግጠኛ ነኝ» አለ። «እስኪነሣ እንጠብቅ።»

ብርዱ አጥንታቸው ውስጥ እስኪገባ ጠበቁ። ከዚያ ፋርካር እጆቹን በአፉ ዙሪያ አጥፎ ሊገዳደር እንደ መጣ ወንድ ዋላ አገሳ። ከወዲያ አስታው ተንኮሻኮሸ።

«ተነሣ!» አለች ሊሊያስ ትንፋሿን ይዛ። «ቅርንጫፍ የለውም። ሁለት ጎራዴ።»

ተኮሰች። ፋርካር የጥይቱን መግባት ሰማ፤ ድምፁ ወፍራም ነበር።

የወደቀው ዋላ ዘንድ ሲደርሱ ፋርካር እንደ ልማዱ ባርኔጣውን አንሥቶ ለአንድ አፍታ ቆመ። የዋላውን ጥርስ በጣቱ ዳሰሰ፤ እስከ ድዱ አልቋል፤ የሚመጣውን ክረምት ባልተሻገረ ነበር። ሆድ ዕቃውን አውጥቶ እጁን በአስታ ከጠረገ በኋላ መነጽሩን ወደ ማኅደሩ ሊመልስ አነሣው። ሊዘጋው ክዳኑን ቢፈልግ ጣቱ ቆዳ ነካ። ክዳኑ እንደ ተገጠመ ነው። ሞራግ ጎሕ ላይ ጠበቅ አድርጋ እንደ ገጠመችው፣ ቀኑን ሙሉ አልተከፈተም።

ቀና ሲል ሊሊያስ እያየችው ነበር።

«ጉብታው ላይም ክዳኑ እንደ ተገጠመ ነበር» አለች በቀስታ። «‹አየሁት› ስትለኝ።»

«ሞራግ ናት የነገረችዎ?»

«ማንም አልነገረኝም፣ ጋሽ ፋርካር። እንቅልፍ ካጣሁ ቆየሁ፤ ጎሕ ሲቀድ መንገድ ለመንገድ እሄዳለሁ። ከነሐሴ ጀምሮ ሞራግ ካፖርትህን ለብሳ ተራራ ስታይ አያታለሁ።»

«ታዲያ ዛሬ ሊፈትኑኝ መጡ።»

«ዛሬ ከደቡብ የመጣ አንድ እንግዳ ተራ ነበር። እሱ ክዳኑን ቢያይ ለራት ወሬ ማጣፈጫ ያደርገው ነበር። ስለዚህ ተራውን ወሰድኩበት።»

ፋርካር ከዚህ ቃል በስተጀርባ ያለውን ሊፈትሽ ሞከረ፤ ምንም አላገኘም። የቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። «ቤቱስ?»

«ቤቱ ምን ሆነ?» አለች ግራ ገብቷት። ኋላ ገባትና ፊቷ ተለወጠ። «ይኼን ይዘህ ነው እንዴ የከረምከው? ቤቱማ የናንተ ነው፤ በሕይወት እስካላችሁ ማን ያስለቅቃችኋል! በኅዳር ኢንቨርነስ ከተማ ወስጄህ ዓይንህን ለሐኪም አሳያለሁ። እስከዚያ የእንስቶቹን አደን ሰኞ ስንጀምር ሞራግ መነጽሩን ይዛ ትውጣ።»

«ሴት? መነጽር ይዛ ተራራ? ሩሪ በሳቅ ይሞታል።»

«ሾተሉን የጣለው ማን ሆነና?» አለች ሊሊያስ።

ፋርካር መነጽሩን ከነክዳኑ አነገተው።

ማምሻውን ሞራግ ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀችው። «ሾተሉስ?»

«ወደቀ።»

«እመቤቲቱስ ምን አለች?»

ፋርካር ካፖርቱን ሰቅሎ ከበሩ ኋላ የሚስቱን ጫማ አነሣና የበግ ሞራውን ጣሳ ይዞ እሳቱ አጠገብ ተቀመጠ።

«የኔን ጫማ ምን ልታደርገው ነው?»

«ነገ ሰንበት ነው፤ ጫማ አይቀባም። ዛሬ ካልተቀባ ሰኞ ውሃ ያስገባብሻል።»

«ሰኞ የት ልሄድ?»

በአገጩ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መነጽር አሳያት። ሞራግ አነሣችው፤ ክዳኑን ነካችው፤ ባሏን አየችው። ቆይታ ክዳኑን ነቅላ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«ሩሪ ይስቅብናል» አለች።

«ይሳቅ። ያንን ግራ እግር አቀብዪኝ።»

ጫማውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ስፌቱን አንድ በአንድ በጣቱ ዳሰሰ፤ ውሃ የምታስገባ ቀዳዳ እንዳትቀር ደጋግሞ ቀባው።