በጓንጉል ደብተር ያልተጻፈው ባሕር

ሰቆጣ ውስጥ ሩቅ መንገድ ያሰበ ሰው ጓንጉልን ሳያማክር አይነሣም ነበር። ጓንጉል ሰባ ሊደፍን ሁለት ዓመት የቀረው፣ በጉብዝናው ዘመን በቅሎ እየነዳ ጨው ሲነግድ የኖረ ሰው ነው። የትኛው ዳገት በጠዋት እንደሚወጣ፣ የትኛው ወንዝ ከቀትር በኋላ እንደሚሞላ፣ በየትኛው መንደር ኃይለኛ ውሻ እንዳለ ሳይቀር ይናገራል። ውሻው ከሞተ ሠላሳ ዓመት ቢያልፈውም ምክሩን አያጓድልም።

ስለዚህ ልጁ ትርፌ በጥምቀት ሰሞን ሴት ልጅ ተገላግላ፣ «እማዬን ይዘውልኝ ይምጡ» ብላ ስትደውል፣ የመንገዱ አዋቂ ማን እንደሚሆን የጠየቀ አልነበረም። ትርፌ ከአገር ከወጣች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ወንዳወቅ የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር አግብታ ጅቡቲ አገር፣ ታጁራ በምትባል ከተማ ትኖራለች። ታጁራ ደግሞ ከዋናው ከተማ ማዶ ናት፤ በመካከላቸው ባሕር ገብቷል። ሰውም መኪናም የሚሻገረው በትልቅ ጀልባ ነው።

«መኪናውም ጀልባው ላይ ይወጣል?» አለ ጓንጉል።

«ከነጭነቱ ነዋ፣ አባባ።»

ጓንጉል ከዚህ በኋላ ስለ ጀልባው አልጠየቀም። ጨርቅ የለበሰ ደብተሩን አወጣና፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመን በተማረው ፊደል መንገዱን ይጽፍ ጀመር። አራት ቀን ጻፈ።

ሲጨርስም ለሚስቱ ለውዴ ድምፁን ሞረድ አድርጎ አነበበላት። «አንደኛ ቀን፣ ከሰቆጣ ወልድያ። ዶሮ ሲጮኽ መነሣት። ሁለተኛ ቀን፣ ከወልድያ ሚሌ። ውሃ መያዝ፤ ፀሐይ ሳይበረታ ማረፍ። ሚሌ ላይ ወንዳወቅ በመኪናው ይቀበለናል። ሦስተኛ ቀን፣ ጋላፊ ድንበር። ፓስፖርት ከደረት ኪስ። አራተኛ ቀን፣ ጅቡቲ ከተማ።»

«ፀሐይ ሳይበረታ የምናርፈው ለምንድን ነው?» አለች ውዴ፣ ለአራሷ የምትወስደውን የገብስ ዱቄት እየነፋች። «አውቶቡሱ እንዳይላበው ነው?»

«መንገድ መንገድ ነው።»

«ገለባስ አልያዝክለትም?»

ውዴ ወንፊቱን አስቀምጣ ወደ ደብተሩ ጎንበስ አለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ባዶ ገጽ ማንበብ ግን አያቅታትም።

«ይኸኛው ገጽ ምን ይላል?»

«ገና ነው።»

«ባሕሩ ነው አይደል?»

«እኔ ወደቡ ላይ ሆኜ ዕቃ እጠብቃለሁ» አለ ጓንጉል፣ ዓይኑን ከደብተሩ ሳያነሣ። «አንቺ ከወንዳወቅ ጋር ተሻግረሽ ትርፌንና ሕፃኗን ታመጫቸዋለሽ።»

«የምን ዕቃ? ዕቃው ከእኔ ጋር አይደል የሚሻገረው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሠላሳ ስምንት ዓመት ተከዜ ሞልቶ ሳለ፣ ጓንጉል ልሻገር ብሎ ደፈረ። መሐል ሲደርሱ ውሃው በቅሎዋን ከነጨው ጭነቷ ወሰዳት። እሱም ልጓሙን አልለቅም ብሎ ትንሽ መንገድ አብሮ ሄዷል። ያወጡት ሰዎች አንድ ጊዜ አውጥተው አልተዉትም፤ በየጠላ ቤቱ፣ «ያን ዓመት የተከዜ ዓሣ ጨው ሳይነካው ይበላ ነበር» እያሉ እስከ ዛሬ ያወጡታል። ከዚያ ቀን ወዲህ ጓንጉል ከጉልበቱ በላይ የሚደርስ ውሃ አልረገጠም። ይህን የሚያውቁት ብዙዎች ናቸው፤ ፍርሃት መሆኑን የምታውቀው ግን ውዴ ብቻ ናት።

«ባሕሩም ጨው ነው አሉ» አለች እየሣቀች። «በቅሎህ እዚያ ደርሳ ይሆናል።»

«ተከዜ የሚወርደው ወደ ሱዳን ነው» አለ ጓንጉል በክብር። ደብተሩንም አጠፈ።

ወደብ ላይ እንዳይቀር የሚያደርግ አንድ ነገር ግን ነበረ። ሕፃኗ ስም አልወጣላትም። በእነሱ ቤት ለበኩር ልጅ ስም የሚያወጣው አያት ነው። ጓንጉልም ስሙን በልቡ ከያዘ ሰነባብቷል። በማግሥቱ ውዴ ገበያ ስትወርድ ጠብቆ ለትርፌ ደወለ።

«ስሟን ልንገርሽ፣ ያዢው።»

«አባባ፣ በስልክ የመጣ ስም አልቀበልም» አለችው። «አቅፈው ነው የሚሰጧት። እስከዚያ ሚጣ እያልናት እንቆያለን።»

«እኔ ብዘገይስ?»

«ሚጣ እንደተባለች ታድጋለቻ።»

የጓንጉል የልጅ ልጅ ሚጣ ተብላ ስትቀር ታየው። ሁለት ቀን ምግብ አልጣመውም። በሦስተኛው ቀን፣ «በእኛው ዝቋላ ወረዳ የሚሸጥ ፍየል አለ ብለውኛል» ብሎ በትሩን አንሥቶ ወጣ።

ፍየል አልነበረም። የሄደው ተከዜ ተገድቦ ሐይቅ ከሆነበት ዳርቻ፣ ዓሣ ከሚያጠምደው ከእኅቱ ልጅ ከምሳው ዘንድ ነው።

«በዚያ ነገር ላይ አውጣኝ» አለው፣ ጀልባዋን በበትሩ እያሳየ።

ምሳው ሊሥቅ ከጅሎት የአጎቱን ፊት አየና ተወው። «ከመሐል ይቀመጡ፣ አጎቴ። ጠርዝ ላይ የተቀመጠ ውሃውን ያያል፤ መሐል የተቀመጠ ግን ሰውን ያያል።»

ጓንጉል ከመሐል ተቀመጠ። ሞተሩ ሲነሣ ሁለት እጁን በትሩ ላይ ቆልፎ ዳዊት ይደግም ጀመር። እየደገመ ሳለ ዳርቻው ራቀ። በውሃው ውስጥ የደረቁ ዛፎች ጫፋቸውን አውጥተው ቆመዋል። ጥቂት እንደሄዱ ዳዊቱን አቋረጠ።

«መልካው የት ነበር? የድሮው መሻገሪያ።»

«አሁን ከበታችዎ ነው። ገደሉ ሁሉ ሰምጧል።»

«እስቲ አጥፋው።»

ምሳው ሞተሩን አጠፋ። ጓንጉል ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጠርዙ ዘንበል ብሎ አየ። ውሃው ዝም ያለ ነበር። በቅሎዋ የተወሰደችበት ድንጋይ፣ እሱ የተንጠለጠለበት ቁጥቋጦ፣ ያ ሁሉ የሚያስገመግም ጎርፍ ከእግሩ በታች ተቀብሮ ነበር። እሱ ደግሞ በላዩ ተቀምጧል፤ እግሩ እንኳ አልራሰም።

«ሸጋ በቅሎ ነበረች» አለ።

«ይባላል» አለ ምሳው።

«እንዳትነግር።»

«ስለ በቅሎዋ?»

«ስለ ጀልባው።»

ምሳው ምሎ ቃሉን ጠበቀ፤ ግን ለውዴ ይውሰዱላት ብሎ አራት ዓሣ በሣር ቋጥሮ ሰጠው። ጓንጉልም ሩቅ መንገድ አዋቂ ነውና ቤቱ እስኪደርስ ድረስ ምን እንደያዘ አላሰበውም።

ውዴ ቋጠሮውን ፈታ አየችው። ሱሪውንም ከጉልበቱ በታች አየችው፤ ደረቅ ነው። «ፍየሉ ቅርፊት አለው» አለች። ቢላዋ ፍለጋም ገባች።

በበነጋው ወንዳወቅ ደወለ። ውዴ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ በመካከላቸው አስቀመጠችው።

«አባባ፣ እማማ የውሃውን ነገር ለትርፌ ነግረዋታል» አለ ወንዳወቅ። «ጀልባው ግድ አይደለም። ባሕሩን ዞሮ ታጁራ የሚገባ አስፋልት አለ። እኔ በመኪና አዞራችኋለሁ፤ ውሃውን ከሩቅ ነው የሚያዩት።»

ጓንጉል ሚስቱን ቀና ብሎ አያት። ውዴ ዱቄቷን ትነፋለች። በሩን ከፍታለት፣ ሲወጣ እንዳታየው ፊቷን ያዞረች ትመስል ነበር።

«ዙሪያው ይረዝማል?» አለ።

«ትንሽ ይረዝማል።»

«ታዲያ ልጅቱ ለዚያች ትንሽ ጊዜ ሚጣ ተብላ ትቆይ ነው የምትለኝ?»

ከዚያ ማዶ ሣቅ ተሰማ፤ የትርፌ ነው። ጓንጉል ደብተሩን አወጣ፤ ባዶውን ገጽ ገልጦ ቀስ ብሎ ጻፈ።

«አንብብልኛ» አለች ውዴ።

«አምስተኛ ቀን፣ ባሕር።»

«እሱ አንድ መስመር ነው። አንተ ሦስት ነው የጻፍከው።»

ጓንጉል ጉሮሮውን ጠረገ። «ከመሐል መቀመጥ። ከውዴ አጠገብ።» ፈጠን ብሎም ጨመረ፤ «አንቺ እንዳትፈሪ ብዬ ነው።»

«አዎን፣ እኔ ውሃ ላይ አልደፍርም» አለች ውዴ። «ሦስተኛውስ?»

ከታች የቀረችው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። ጓንጉል መዳፉን ጫነባት።

«ይቺ እዚህ አትነበብም» አለ። «የምትነበበው ማዶ ነው።»