ያልተቃጠለ ቤት ያስፈረሱን ሃምሳ አለቃ

ሃምሳ አለቃ ታደሰ ወርዶፋ ከዚህ ዓለም መለየታቸውን ዲክሲስ ላይ የሰማነው በገበያ ቀን፣ ከአሰላ በመጣው አውቶቡስ ሹፌር አፍ ነው። ሹፌሩ ገና ሳይወርድ በመስኮቱ ብቅ ብሎ «ሃምሳ አለቃ አረፉ፤ ቀብሩ ነገ አሰላ ነው» አለ። ስንዴ የሚሰፍረውም ጨርቅ የሚለካውም እጁን አቆመ። ደረታቸውን ሲያማቸው ቆይቶ ነበር። ሐኪሙ ተኙ ብሏቸዋል፤ እሳቸው ግን ሐኪሙ ፊቱን ባዞረ ቁጥር ወይ ሲሬ ናቸው ወይ ጮሌ ናቸው። መሞታቸውን ለማመን ያስቸገረኝም ይኸው ነው። እኚህን ሰው ፈልጎ አንድ ቦታ ላይ ያገኛቸው ሰው አላውቅም፤ ሞት እንዴት እንዳገኛቸው እንጃ።

ይህን የምጽፈው ለምታውቋቸው ሁሉ ነው። በአሰላ አብራችኋቸው ለሠራችሁ፣ በሲሬና በጮሌ ደጃችሁን አንኳኩተው ምሳችሁን ላቋረጡባችሁ፣ «መጡ ደግሞ» ብላችሁ በጓሮ ለወጣችሁም ጭምር። እኔ ዘይነባ ሁሴን እባላለሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ዲክሲስ ላይ የእሱን የጨርቅ ሱቅ ይዤ የምኖር ነጋዴ ነኝ። ጽሕፈት ሥራዬ አይደለም፤ ነገር ግን ከቀብሩ ወዲህ እጄ ሥራ አልይዝ ብሎኛል። ጨርቁን ልለካ አነሣና መልሼ አስቀምጣለሁ፤ በር ላይ እወጣና መልሼ እገባለሁ። ምናልባት ብጽፈው ይለቀኝ ይሆናል ብዬ ነው።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነበር። በጠቅላይ ግዛቱ ደመወዝ የሚበላ የእሳት አደጋ ሠራተኛ አሰላ ላይ እንጂ በእኛ በኩል አልነበረም። እዚያም ቢሆን ያለው አንዲት አሮጌ የውሃ ቦቴ፣ ሹፌሯ፣ ጥቂት ሰዎችና ከሠራዊቱ በጡረታ ወጥተው የተቀጠሩት አለቃቸው ሃምሳ አለቃ ታደሰ ናቸው። ሲሬም፣ ዲክሲስም፣ ጮሌም ምንም የላቸውም። የእኛ ከተማ ቢነድ ሰው አሰላ ድረስ ሄዶ ይናገራል፤ ሹም ይፈቅዳል፤ ቦቴዋ ጉድባውንና አቧራውን አልፋ እስክትደርስ እሳቱ በልቶ ጠግቦ ይጠብቃታል።

ሃምሳ አለቃ ይህን ሲያስቡ መቀመጥ አይሆንላቸውም ነበር። «መኪና መንገድ ያስፈልጋታል፤ ሰው ግን ቀድሞውኑ እዚያው ነው» ይሉ ነበር። ማንም ሳያዛቸው በእረፍት ቀናቸው በየከተማው እየዞሩ ፈቃደኞች ማደራጀት ጀመሩ። በአንዱ ከተማ ያደረጉትን በሌላው አይደግሙም። ሲሬ ላይ የመረጡት የገበያውን ተሸካሚዎች ነው፤ ጉልበት አላቸው፣ ከገበያውም አይርቁም። ጮሌ ላይ ገበሬዎቹን ከመስጊድም ከቤተ ክርስቲያንም አውጥተው ተራ አስገቧቸው። ዲክሲስ ሲመጡ የሆነውን ግን እኔው ልንገራችሁ።

ሱቄ በር ላይ ቆመው ገበያውን ሲቃኙ ሻይ አቀረብኩላቸው። ቆመው ጠጡ።

«ኧረ ቁጭ ይበሉ» አልኳቸው።

«ተቀምጬ አይወርድልኝም» አሉና ጠየቁኝ። «በመኸር ጊዜ ቀን ቀን እዚህ ከተማ ውስጥ ማን ይውላል?»

«ወንዱማ አውድማ ላይ ነው። እዚህ የምንውለው ሴቶችና ሽማግሌዎች ነን።»

«እሳቱስ የሚነሣው መቼ ነው?»

«በመኸር ነዋ፣ ገለባው ሲከመር።»

«እንግዲያው የዲክሲስ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሴቶቹ ናቸው» አሉ። «አለቃዋም አንቺ ነሽ።»

እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። በሳምንቱ ከምንጩ እስከ ገበያው ድረስ በሰልፍ አቁመው እንስራ ያስቀባብሉን ነበር። የሰበረችውን አይቆጡም፤ የቆመችውን ግን አይምሩም።

ወሬው አሰላ ሲደርስ አንድ ሹም «ሃምሳ አለቃ፣ ሴቶች እንስራ አዝለው እሳት ያጠፋሉ ብለን ለአዲስ አበባ እንጻፍ?» ብሎ ቀለደባቸው አሉ። «አይጻፉ ጌታዬ፤ ብቻ ረጅም ገመድ ይስጡኝ» ብለው መለሱለት። ሹሙም እየሳቀ ሰጣቸው። ስለ እኛ ግን እስከ ዛሬ ማንም አልጻፈም።

ገመዱ ቤት ለማፍረስ ነው። የሣር ክዳን አንዴ ከተያያዘ በእንስራ ውሃ አይመለስም። መላው ከእሳቱ ፊት ያለውን፣ ገና ያልተነካውን ቤት ቀድሞ አፍርሶ ክፍተት ማበጀት ነው። በአፍ ሲሉት ቀላል ነው። ደህና ቤቱን ማን ያስፈርሳል? የጎረቤቱንስ ማን ደፍሮ ያፈርሳል? ቂሙ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ስለዚህ ሃምሳ አለቃ በየከተማው ሰዉን ሰብስበው አስማሉ። ለሌላው ሲባል ቤቱ የፈረሰበትን ሰው ሁሉም በደቦ ወጥቶ መልሶ ሊሠራለት፣ እስላሙ በቁርዓኑ ክርስቲያኑ በመስቀሉ ማለ። የሚፈርሰው ቤት የትኛው እንደሆነም እየዞሩ አስቀድመው አሳዩን። ከገበያው በላይ ካለው ረድፍ መካከል በዱላቸው የነኩት የእኔን ሱቅ ነበር። እኔም እሺ አልኩ፤ እሳት በሌለበት ቀን እሺ ማለት ምን ገዶኝ።

እሳቱ የመጣው በታኅሣሥ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች ነው። አስካለ የምትባል ጠላ ሻጭ ጎረቤታችን ጠፍቷል ብላ ያወጣችውን አመድ ገለባው አጠገብ ደፋችው፤ የቀረውን ንፋሱ ሠራው። «ኢቢዳ! ኢቢዳ!» የሚል የኦሮምኛ ጩኸት ሰማን፤ እሳት እሳት ማለት ነው። ሃምሳ አለቃ እኛን ሊያሠለጥኑ መጥተው ገበያው መሐል ነበሩ። ሴቶቹ ማጭዱንና እንስራውን ይዘው እንደ ተማሩት ወጡ፤ ግን ንፋሱ በረታ። እሳቱ ከክዳን ወደ ክዳን እየተሻገረ ወደ እኛ ረድፍ ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደ ሃምሳ አለቃ ዞረ። እሳቸው ደግሞ ወደ እኔ ዞሩ።

«ዘይነባ፣ አለቃዋ አንቺ ነሽ» አሉ። «እኔ እንግዳ ነኝ። የሰው ቤት አላፈርስም።»

ያን ሰዓት ጠላኋቸው። ባሌ በገዛ እጁ ያቆማት ቤት ናት፤ እሱ ከሞተ በኋላ የቀረኝ ነገር ቢኖር እሷው ናት። ከእሷ ቀጥሎ ግን ልጆች ያሉባቸው ቤቶች አሉ፤ ከዚያ ወዲያ የከተማው እህል አለ። «አፍርሱ» አልኩ። ጨርቁን አወጡ፣ ገመዱን ከምሰሶው አሰሩ፣ ሣሩን በማጭድ እየገፈፉ ሳቡ። ሃምሳ አለቃም ከገመዱ ጫፍ ላይ እንደ ማንኛችንም ሲስቡ አየኋቸው። ግድግዳው ወደ ውስጥ ተኛ። እሳቱ መጣ፤ የሚይዘው ነገር አጣና እዚያው ነድዶ አለቀ። ከእኔ ቤት በታች አንድም ቤት አልተነካም።

አመሻሹ ላይ ሰዉ ንዴቱን በአስካለ ላይ አወረደ። ከከተማ ትውጣ ተባለ፤ አንዳንዱም ድንጋይ አንሥቷል። ሃምሳ አለቃ ጥላሸት የለበሰ ፊታቸውን ሳይታጠቡ መሐል ገቡ። «ከዛሬ ወዲያ አመድን የዚህችን ሴት ያህል የሚፈራ በአርሲ አይገኝም» አሉ። «እኛ ጋ ትግባ።» ገባች። አሁን በየቤቱ እየዞረች አመድ የምትፈትሸው እሷ ናት፤ እንደ እሷ ያለ ጨቅጫቃ ደግሞ አላየሁም።

ክፉው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰዉ ምሏል፤ ግን ስንዴው አውድማ ላይ ነው። «ከመኸር በኋላ እንሠራልሻለን» አሉኝ። እኔ ጨርቄን እህቴ ቤት ከምሬ፣ የሰው ነገር እንዲህ ነው እያልኩ ተቀመጥኩ። ሃምሳ አለቃ ግን ከእኔ ይልቅ ተንገበገቡ። በየሁለት ቀኑ ከአሰላ እየመጡ ባዶውን መሬት ይዞሩታል።

«ይህን ቦታ የሲሬ ሰው ለገበያ ሲመጣ ያያል፣ የጮሌም ሰው ያያል» አሉኝ። «ይህ ቤት ካልቆመ ከእንግዲህ በየትኛውም ከተማ ቤቱን የሚሰጥ አይገኝም። የሠራነው ሁሉ ከንቱ ነው።»

አንድ ቀን መጥተው ጉድጓድ መቆፈር ጀመሩ፤ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ብቻቸውን። ጥቂት ምሰሶ አቆሙና ዶማውን ጥለው ጠፉ። በቃ ተስፋ ቆረጡ አልኩ።

ለካ ጮሌ ሄደው ኖሯል። የተመለሱት በጭነት መኪና ላይ፣ በሣር ክምርና በሰው መሐል ቆመው ነው። የጮሌዎቹን ይዘው የመጡት ሐጂ ቃሶ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። በማግስቱ ሲሬዎቹ ባሕር ዛፍ ተሸክመው ደረሱ። የዲክሲስ ሰው ከአውድማው ሆኖ የሌላ ከተማ ሰው የእሱን መሐላ ሲፈጽምለት አየና አፈረ፤ መንሹን ጥሎ መጣ። ሐጂ ቃሶን ላመሰግናቸው ብጠጋ በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ተዪ ልጄ፣ ለአንቺ ብለን አይደለም» አሉ። «ነገ ጮሌ ቢነድ የራሴን ቤት ለማፍረስ ልቤ እንዲችል ነው።»

ሃምሳ አለቃ ያን ቀን ለአንድ አፍታ እንኳ አልተቀመጡም፤ ሰውንም አላስቀመጡም። ምግብ ቀርቦ ሳለ ክዳኑ ይለቅ ብለው እንጀራው ደረቀ። እኔም ተናድጄ «ሰውን ያሳርፉት እንጂ» አልኳቸው። «ሰው ሲያርፍ አውድማው ትዝ ይለዋል» አሉኝ። ጠባያቸው ይኸው ነበር። ሰርግ ተጠርተው ሙሽራው ሳይገባ ምድጃው የት እንደ ተጣለ ይጠይቃሉ። አንድ ጊዜማ ዳሱ ለማድ ቤቱ ቀርቧል ብለው ነቅለው አስተከሉት። የሙሽራዋ አባት እስከ ዛሬ ይወቅሳቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው አጠገቡ ሆነው ሲኖሩ ያታክታል፤ ሲሄድ ደግሞ ምን እንደሚያደርጉ ይጠፋዎታል።

ዘንድሮ አገሩም ሁሉ እንደ እሳቸው መቀመጥ አቃተው። አንዱ ሥራ አቆመ ይባላል፣ ሌላው ሰልፍ ወጣ ይባላል፤ አውቶቡሱ አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይቀራል። ሃምሳ አለቃ እያሳሉም ቢሆን ባገኙት መኪና ይመላለሱ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ የመጡ ቀን ሱቄ ገብተው በርጩማ ሳቡና ተቀመጡ። ያኔ ፈራሁ።

«ሹም ይለወጣል ዘይነባ» አሉኝ። «ማንም ይምጣ ማን፣ ለእናንተ ሰው የሚልክላችሁ የለም።»

«እርስዎ እያሉ ምን እንሆናለን?»

«እኔ ብኖርም ባልኖርም እዚህ የምትውሉት እናንተ ናችሁ» አሉና ተነሥተው ሄዱ።

እንግዲህ ሃምሳ አለቃ፣ የቀረውን ለራስዎ ልንገርዎት።

በቀብርዎ ቀን ሁሉም መጣ። የሲሬ ተሸካሚዎች፣ የጮሌ ገበሬዎች፣ ሐጂ ቃሶም በዱላቸው ተደግፈው መጡ። እኛም ከዲክሲስ በአንድ የጭነት መኪና ታጭቀን መጣን። ከሙስሊሞቹ ጋር ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆሜ የሰዉን ብዛት ሳይ መጀመሪያ ኮራሁ። ለሰው የኖረ ሰው አያጣም አልኩ። ከዚያ ንፋሱ ተነሥቶ ነጠላዬን ገፈፈው። የበልጉ ዝናብ ገና አልመጣም፤ አገሩ ደርቋል። የሴቶቻችንን ፊት እየፈለግሁ አየሁ። ገመድ የምትይዘውም፣ ማጭድ የምትይዘውም፣ ከምንጩ የምትቀዳውም ሁሉም እዚያው ናቸው፤ አስካለ እንኳ አልቀረችም። ታዲያ ዛሬ ዲክሲስ ላይ ማን ዋለ አልኩ ለራሴ።

ካህናቱ ጸሎቱን ሳይጨርሱ፣ አፈር ሳይመለስብዎ ወጣሁ። ሰዉ በዓይኑ ሸኘኝ። አንዲት ሴት «ምን ዓይነቷ ናት፣ ቤቷን ያሠሩላትን ሰው እንኳ ሳትቀብር» ስትል ሰምቻታለሁ። ለማስረዳት ጊዜ አልነበረኝም። እህል ሊጭን የሚሄድ መኪና ለምኜ ተሳፈርኩ፤ ሹፌሩን ፍጠን ፍጠን እያልኩ አሰለቸሁት። ዲክሲስ ስደርስ በሮቹ ተዘግተዋል፤ ንፋሱ ገበያው ላይ ገለባ ያንከባልላል። እንስራዎቹን ሞላሁ፣ ገመዱን አወጣሁ፣ የእኛዎቹ መኪና አቀበቱን ሲወጣ እስክሰማ ድረስ እያለቀስኩ ከወዲያ ወዲህ ስል ቆየሁ። ምንም እሳት አልተነሣም።

አፈር ሲለብሱ ስላላየሁ መሰናበቻዬን እነሆ በዚህ ጽሑፍ አደረግሁት። ደህና ይሁኑ ሃምሳ አለቃ። ያን ቀን ሰዉ ሁሉ እርስዎ ዘንድ ነበር፤ ዲክሲስ ላይ እኔ ነበርኩ።