ጋሽ አንጁሎ ያላሉት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። አንዴ ጀምሬው፣ መሀል ላይ አፌ ተሳሰረና «በጾም ወተት ቀምሻለሁ» ብዬ ዞር አደረግኩት። እናንተ አታውቁኝም፤ ለዚህ ይሆናል ዛሬ የደፈርኩት።

ያኔ ሞባይል እንደ ልብ አልነበረም፤ እኔም በወረዳ ጽሕፈት ቤት የኮንትራት ጸሐፊ ነበርኩ። ከወላይታዋ ጉኑኖ ከተማ በእግር የሚደረስ አንድ ትልቅ ዋሻ ፓርክ ሆኖ ሊከለል ነው ተባለና ከአዲስ አበባ እንግዶች መጡ። ኃላፊያችን ጉልበቱን አሞት መኪናው ጋ ቀረ። «አስተርጓሚዋ አንቺ ነሽ። ዛሬ ችግር እንዳትፈጥሪብኝ፤ ቋሚ መሆን ትፈልጊ የለ?» አለኝ። ቤታችን አማርኛ ነው የሚነገረው፤ ወላይትኛውን የለመድኩት ሰፈር ውስጥ ስጫወት ነው። ግን አሳምሬ እሰማለሁ። አልገባኝም ነበር ብዬ ማምለጥ አልችልም።

ዋሻው አፍ ላይ ጋሽ አንጁሎ የሚባሉ ገበሬ ቆመው ጠበቁን። አባታቸውም እሳቸውም ክረምት ክረምት ከብት የሚያስጠልሉት እዚያ ነው። ኮታቸውን አስተካክለው በወላይትኛ፣ «ዋሻውን ጠብቁት፣ ደስ ይለኛል። ለከብቶቼ ግን አንዲት ጥግ ተዉልኝ፤ ዝናብ ሲመጣ ሌላ መግቢያ የለኝም» አሉ።

እንግዶቹ ወደ እኔ ዞሩ። እኔስ ምን አልኩ? «ደስ ብሏቸዋል፤ ከብቶቼን አወጣለሁ ነው የሚሉት» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ጠመንጃ የደገነብኝ ነበር? እንግዶቹ አጨበጨቡ። ጋሽ አንጁሎ ጥጓን የፈቀዱላቸው መስሏቸው ሁሉንም እየዞሩ ጨበጡ፤ እኔንማ ግንባሬን ሳሙኝ።

ክረምት ሳይገባ ዋሻው ታጠረ። እኔም ቋሚ ሆንኩ። ከዚያ ወዲህ ዶፍ በጣለ ቁጥር ከብቶቹ የት ገብተው ይሆን እላለሁ። አንድ ቀን ጋሽ አንጁሎ ቢሮ መጡ፤ ውጭ ያደረች ጥጃቸውን ጅብ በልቷታል። «ልጄ፣ ነግረሽልኝ አልነበር?» አሉኝ። «ነግሬያቸው ነበር፤ በኋላ እምቢ አሉ» አልኩ። ኧረ እንደ እኔ ያለችም የለች! «አንቺ ምን ታደርጊ» ብለው መርቀውኝ ሄዱ። ገበያ ላይ ሳያቸው በሌላ በኩል እሸሽ ጀመር።

ባለፈው ሰሞን ከልጃቸው ጋር ቤቴ ድረስ መጡ። ልጁ አድጓል፤ አማርኛውን ያቀላጥፈዋል። «ወረዳ ሄጄ ስለ ዋሻው አቤት ስል ‹አባትህ ከብቶቼን አወጣለሁ ብለው በገዛ አፋቸው ተስማምተዋል› ይሉኛል። አባቴ እንዲህ አላሉም። እዚያ የነበሩት እርስዎ ነዎት፤ ይመስክሩልን» አለኝ። ቋሚ ከሆንኩ ስንት ዘመኔ፤ አሁን ደግሞ ምን ፈራሁ?

«ቆይቷል፤ አላስታውስም» አልኩት።

ልጁ አፈጠጠብኝ። ጋሽ አንጁሎ ግን ክንዱን ያዝ አድርገው፣ «ተዋት፣ አታስጨንቃት። ያኔም የተናገረችልኝ እሷ ብቻ ናት» አሉት።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የተበደላችሁት እናንተ አይደላችሁም። የተበደሉት ሰው ቤታቸው ሩቅ አይደለም፤ መንገዱንም አውቀዋለሁ። እስከ ዛሬ አልሄድኩም።